ሚጥሚጣ የተቀባው ግራ ጓንት

ሥጋ ቤት አብረውኝ የሚገቡ ጓደኞቼ ጠባዬን ያውቁታል። ቁርጡ ሲቀርብ ሚጥሚጣውን ከእኔ አርቀው ወደ ጠረጴዛው ዳር ይገፉታል፤ እኔ አዋዜ ብቻ ነው የምነካው። አዲስ ሰው ካለ ግን ይገርመዋል። «ፒያሳ ተወልዶ ያደገ ሰው ሚጥሚጣ ይፈራል እንዴ?» እያለ ይቀልድብኛል። አልፈራውም፤ ያቅለሸልሸኛል። ሽታው አፍንጫዬ ሲደርስ የአንድ ሰው ፊት ድቅን ይልብኛል፣ ከዚያ በኋላ ሥጋውም አይዋጥልኝም። የማን ፊት እንደሆነ ለብዙ ሰው ተናግሬ አላውቅም። ዛሬ ለእናንተ ልንገራችሁና ይውጣልኝ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ነበር የቀረኝ። ቤታችን ከአትክልት ተራ ጀርባ ነው፤ አባቴ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ፣ እናቴ አስተማሪ ነበሩ። ሁለቱም ጴንጤዎች ናቸው፤ ያኔ ደግሞ ጴንጤ መባል ቀላል ነገር አልነበረም። ጸሎት ቤቱ ታሽጎ ስለነበር እሑድ ጠዋት ጥቂት ሰዎች እኛ ቤት ይሰበሰባሉ፣ ሬዲዮኑ ጮክ ተደርጎ ይከፈታል፣ መዝሙሩ ከሬዲዮኑ ድምፅ ሥር በሹክሹክታ ይዘመራል። የሚያውቅ ጎረቤት ዝም ይላል፤ የማያውቀው ሬዲዮ ወዳዶች አድርጎ ይቆጥረናል።

እኔ ግራኝ ነኝ። ትምህርት ቤት ግራ እጄን በማስመሪያ እየመቱ በቀኝ መጻፍ አስለመዱኝ። በቀኜ እበላለሁ፣ በቀኜ እጨብጣለሁ፣ ዕቃ ስቀበልም በቀኜ ነው። ግራዬ እንደልቧ እንድትሆን የተፈቀደላት ቦክስ ላይ ብቻ ነበር። ቦክስን የወደድኩት ለዚህ ይመስለኛል።

አሰልጣኛችን ጋሽ ይመር ይባሉ ነበር። የወሎ ሰው ናቸው፤ ፒያሳ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ልብስ ይሰፋሉ፣ ከሥራ በኋላ የቀበሌው አዳራሽ መጥተው እኛን ያሰለጥናሉ። ለእኔ የተለየ ትምህርት ነበራቸው። «አንተ ልጅ፣ ሰው ግራኝ ሲያይ የሚመታበትን ነው የሚያየው» ይሉኛል። «አንተ መጀመሪያ ራስህን የምትጠብቅበትን እወቅ።»

ትምህርታቸው ረጅም አልነበረም። ግራ እጄ ካልመታች በቀር ከጉንጬ እንዳትለይ ይፈልጋሉ። ከሱቃቸው ቁራጭ ጨርቅ ይዘው ይመጡና በግራ ጓንቴና በጉንጬ መካከል ያስቀምጡታል፤ እየተንቀሳቀስኩ ጨርቁ ከወደቀ እንደገና «ሀ» ብዬ እጀምራለሁ። ብዙ ወር እንዲህ አሠሩኝ፤ በኋላ ያለ ጨርቁም ግራዬ ጉንጬ ላይ ማደር ለመደች። ሌላው የእግር ነገር ነው። ቀኝ እግሬ ከተጋጣሚዬ ግራ እግር በስተውጭ፣ ጎን ለጎን እንድትቆም ይላሉ። «ወደ ቀኝህ ዙር፣ ከቀኝ እጁ ትርቃለህ። ደግሞ ቀኙን ሊልክ ሲል ክብደቱ ግራ እግሩ ላይ ይወድቃል። እግርህ አጠገቡ ከሆነች ቀድማ ትሰማለች። ዓይንህን ሊያታልል ይችላል፣ እግርህን ግን አያታልልም።»

አሁን ወደዚያ ሰውዬ ልምጣ። ጓድ ታፈሰ የቀበሌያችን የወጣቶችና የስፖርት ኃላፊ ነበር። ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር፤ እዚህ ግን አንቱ ልለው እጄ አይታዘዝልኝም። ካኪ ልብሱ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው፤ ከአትክልት ተራ በነፃ የሚያገኘውን ብርቱካን እየላጠ ልምምዳችንን ያያል፣ ልጣጩን እኛ በባዶ እግራችን በምንዘልበት ወለል ላይ ይጥላል። ስለ ቦክስ የሚያውቀው ሰው ተመትቶ ሲወድቅ መጮህን ብቻ ነው። ዞር ብዬ ስከላከል «ምን ትሽኮረመማለህ? ማፈግፈግ የአድኃሪ ነው፣ ግራዋን ልካት!» ይለኛል። ጋሽ ይመር አንገታቸውን ደፍተው ጨርቁን ከመሬት ያነሣሉ።

የማወራላችሁ የአንድ እሑድ ግጥሚያ ለእኔ ተራ ግጥሚያ አልነበረም። ያሸነፈ የከተማው ቡድን ውስጥ ይገባል፤ የከተማው ቡድን ልጆች ደግሞ የመንግሥት ፋብሪካ ይቀጠራሉ፣ ለውትድርናም አይወሰዱም። የሰፈሬ እኩዮች አንድ በአንድ እየተለቀሙ ሄደው ነበር። እናቴ በር በተንኳኳ ቁጥር ወደ ጓዳ ትገፋኝ ነበር። ብሸነፍ የሚቀጥለው ተራ የእኔ እንደሆነ ቤታችን ውስጥ ማንም አይናገረውም፣ ሁሉም ግን ያውቀዋል።

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። የወንበሩ፣ የላቡና የሲጋራው ሽታ አንድ ላይ ሆኖ ያፍናል። ተጋጣሚዬ ሽፈራው የሚባል የአፍንጮ በር ልጅ ነው፤ ቀኝ እጁ ከባድ እንደሆነ ሁሉም ያወራል። ጓንቱ የቀበሌው የጋራ ንብረት ነበር፤ አንዱ ቦክሰኛ አውልቆ ለሌላው ይሰጣል፣ ስለዚህ እጄን የማስገባው ሌላ ሰው ላብ ውስጥ ነበር። ለዚያ ዓይነቱ መጸየፍ ግን ሁላችንም ቆዳችን ደንድኗል።

ሌላ ጊዜ ጓንቴን የሚያስሩልኝ ጋሽ ይመር ናቸው። ያን ቀን ግን ጓድ ታፈሰ ራሱ ጓንቶቹን ይዞ መጣ።

«ዛሬ እኔ ነኝ የማስርልህ» አለኝ። «የቀበሌው ክብር ነው።»

ግራው ጓንት ቫዝሊን ተቀብቶ ያብለጨልጫል። ሳየው ጊዜ «ቆዳው ደርቆ ነበር፣ አለሰለስኩልህ» አለኝ። በሕይወቱ አንድ ጊዜ የሚጠቅም ነገር ሠራ ብዬ አመሰገንኩት። ማመስገኔ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

የመጀመሪያው ዙር እንደ ልምምድ ሄደልኝ። እግሬን ከእግሩ ውጭ አደረግሁ፣ ወደ ቀኜ ዞርኩ፣ የሚልካቸውን ቡጢዎች በቀኜ እየገፋሁ አሳለፍኳቸው። ጋሽ ይመር «በመጀመሪያው ዙር ግራህን አስቀምጣት፣ ሰውዬውን እወቀው» ብለውኝ ስለነበር አልላክኋትም፤ ጉንጬ ላይ ተኝታለች። ሽፈራው አንድም ቡጢ ፊቴ ላይ አላሳረፈም። ዙሩ ሊያልቅ ሲል ግን ግራ ዓይኔ ማንባት ጀመረ። ላብ ገባብኝ ብዬ ግራዬን ይበልጥ ወደ ፊቴ አስጠጋሁ። ባስጠጋሁ ቁጥር ባሰበት። ደወሉ ሲደወል ዓይኔ ተከድኖ በእሳት የተለበለበ ያህል ያቃጥለኝ ነበር።

ጋሽ ይመር ፊቴን በውኃ ሲያብሱኝ ጮኽኩ። ጣታቸውን አሸተቱ፣ ከዚያ ምላሳቸው ላይ ነካ አደረጉት።

«ሚጥሚጣ» አሉ። «ወላሂ፣ ሚጥሚጣ ነው!»

ወደ ሽፈራው ማዕዘን ዞሩ። ዳኛውን ሊጠሩ እጃቸውን ሲያነሡ በጉልበቴ ነካኋቸው።

«ጋሼ፣ ይቆዩ። እሱ አይደለም።»

«እንዴት አወቅክ?»

«ፊቴን አንድም ጊዜ አልነካኝም።»

ጋሽ ይመር እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱ። ዙሩን በሙሉ ሲያዩ ነበር፤ እውነቴን መሆኑን ያውቃሉ። ፊቴን የነካው ነገር አንድ ብቻ ነው። ግራ ጓንቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉና ፊታቸውን አጨማደዱ። ሁለታችንም ወደ ፊተኛው ወንበር ዞርን። ጓድ ታፈሰ ብርቱካን እየላጠ ነበር። በዓይኑ ጠቀሰኝ።

ከዚያ ተነሥቶ ወደ እኛ ማዕዘን መጣ።

«ለምን አልላክሃትም?» አለኝ ጆሮዬ ሥር። አፉ ብርቱካን ይሸታል።

«ዓይኔ ጠፋ፣ ጓድ።»

«ያንተ ዓይን? እንዴት ያንተ?» አለ። ልማልላችሁ፣ የእውነት ገርሞታል። «ግራህ የምትመታው እሱን አይደለም እንዴ?»

ጋሽ ይመር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ከመምታቷ በፊት የት እንደምትቀመጥ አንድ ቀን እንኳ አላዩም፣ ጓድ?» አሉት።

አላየም። ያን ሁሉ ወር እዚያ ወለል ላይ ልጣጩን እየጣለ ተቀምጦ፣ ጨርቁ ሲወድቅና ሲነሣ እያየ፣ ግራዬ የት እንደምትውል አላየም። ያየው የምትመታውን ብቻ ነው። ከተንኮሉ እኩል ያስጠላኝ ይኼ ነበር።

«ለዳኛው እናገራለሁ» አልኩት።

«ተናገር» አለኝ ረጋ ብሎ። «ጓንቱ ማን እጅ ላይ ነው? ማን ነው አጭበርባሪው የሚባለው? ደግሞ እሑድ ጠዋት እናንተ ቤት ሬዲዮ የሚጮኸው ለምን እንደሆነ የማላውቅ መሰለህ? ዝም ያልኩት ላንተ ስል ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ዓይኑ ላይ አሳርፍለት። ሌላ ምን ጠየቅኩህ?»

ይህን ብሎ የብርቱካኑን ፍሬ ባልዲያችን ውስጥ፣ ፊቴን የምታጠብበት ውኃ ውስጥ ተፋና ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

ጋሽ ይመር ጓንቱን በፎጣ ደጋግመው ፈተጉት። ቫዝሊኑ ሚጥሚጣውን ይዞ ስፌቱ ውስጥ ገብቷል፣ አይወጣም። ሌላ ጓንት የለም። ጊዜም የለም።

«ምን ልታደርግ ነው?» አሉኝ።

«ግራዬን አልልክም። በቀኜ ብቻ እሞክራለሁ።»

«ጉንጭህንስ በምን ትከላከላለህ?»

መልሴን ሳይጠብቁ ቀኝ እግሬን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉና «ይቺ አለች» አሉኝ።

ሁለተኛው ዙር ሲጀመር ግራ እጄን ከፊቴ አርቄ ደረቴ ላይ ለጠፍኳት። ግራ ጉንጬ ያለ ዘበኛ ቀረ። የሽፈራው ከባድ ቀኝ የሚመጣው ደግሞ በዚያው በጠፋው ዓይኔ በኩል ነው። የማየው ትከሻውንና ግማሽ ፊቱን ብቻ ነበር። ያኔ የቀኝ እግሬን ጎን ከግራ እግሩ ጎን ጋር አጣበቅሁ። እሱ ሲሄድ አብሬው እሄዳለሁ፣ ሲቆም እቆማለሁ። እግሩ መሬቱን ሲጫን በእግሬ ጎን ይሰማኛል፤ በተሰማኝ ቅጽበት ጎንበስ ብዬ ወደ ቀኜ እወጣለሁ፣ ቡጢው ጆሮዬ አጠገብ ሽው ብሎ ያልፋል። አንዳንዱ አላለፈም። ግራ ጉንጬን ሲያገኘኝ ጥርሴ ውስጥ ተሰማኝ። ብዙው ግን አለፈ። በቀኜ አገጩን ነካ ነካ እያደረግሁ ነጥብ እለቅም ጀመር፤ አሸንፋለሁ የሚል የሞኝ ተስፋም መጣብኝ።

ሕዝቡ ግን አልወደደውም። «ግራዋን! ግራዋን!» ይላል። ከሁሉ በላይ የሚሰማኝ የታፈሰ ድምፅ ነው።

ሦስተኛው ዙር ላይ ተያያዝን፤ የሽፈራው ፊት ትከሻዬ ላይ ወደቀ። «ምን ሆነህ ነው፣ ግራህን ምን በላት?» አለኝ እያለከለከ።

«ፊትህን ከሷ አርቅ» አልኩት። «ሚጥሚጣ ናት።»

ቀና ብሎ ያበጠ ዓይኔን አየ። ሽታውም ሳይደርሰው አልቀረም። ዳኛው ሲያላቅቀን አንድ እርምጃ ራቀና ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በኋላ ሲመታኝ በተዘጋው ዓይኔ በኩል አልመጣም፤ በሚያየው በኩል ብቻ ነው የመጣው። አልለቀቀልኝም፣ ግን አልነጠቀኝም። በሁለት እጁ የሚሠራ ሰው ግን በአንድ እጁ ከሚሠራው ይበልጣልና በነጥብ አሸነፈኝ። ዳኛው የሽፈራውን እጅ ሲያነሣ እናቴ ወደ ጓዳ ስትገፋኝ ታየኝ።

ከግጥሚያ በኋላ አንድ ሥርዓት ነበረ። ባለሥልጣኑ መድረክ ላይ ወጥቶ ሁለቱን ቦክሰኞች ከነጓንታቸው ያቅፋል፣ ጉንጫቸውን ይስማል፣ ፎቶ ይነሣል። ጓድ ታፈሰ ካኪውን ወደ ታች ሳብ ሳብ እያደረገ ወጣ። ሽፈራውን አቅፎ ሳመ። ፎቶ አንሺው ጎንበስ ብሎ አነጣጠረ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ ጥርሱ ሳቀ፣ ከጥርሱ ሥር ግን «ቆይ፣ ነገ እንገናኛለን» አለኝና ጉንጩን አቀረበልኝ።

አላሰብኩበትም። ግራዬን አነሣኋትና ጉንጩ ላይ አስተኛኋት። ልክ ጋሽ ይመር እንዳስተማሩኝ፣ ጨርቅ እንዳይወድቅ አጥብቄ። ከጉንጩ ወደ ዓይኑ፣ ከዚያ በግንባሩ አሳልፌ ወደ ሌላው ዓይኑ፣ ልጅ አባቱን እንደሚዳብስ ዳበስኩት። በአንገቱም ስቤ ሦስት ጊዜ ሳምኩት፣ ጓንቴን ፊቱ ላይ እንዳደረግሁ። ስለቀው ዓይኖቹ ተጨፍነው ነበር። አፉ ተከፈተ፣ ድምፅ ግን አልወጣውም። ምን ብሎ ይጩህ? ጓንቱ ላይ ምን እንዳለ ከእሱ በቀር የሚያውቅ ሊኖር አይገባም። ሊይዘኝ እጁን ዘረጋ፣ አየሩን ያዘ። እንባው በሁለት ጉንጩ እየወረደ ካኪውን አራሰው።

የመድረክ መሪው ይህን አየና በድምፅ ማጉያው «ጓዶች፣ ጓድ ታፈሰ ለወጣቱ ባላቸው ፍቅር እንባቸውን መቆጣጠር አቃታቸው» አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ቆመው ነው ያጨበጨቡለት። እሱም እያነባ፣ ምንም ሳያይ፣ እጁን አውለበለበላቸው። ውጪ ወጥቼ አስታወክሁ።

ስመለስ ቀጣዩ ቦክሰኛ ጓንቱን ሊረከበኝ ቆሟል። ጋሽ ይመር ጓንቱን ከእጄ አወለቁ፣ ከኪሳቸው የልብስ መቀሳቸውን አወጡና ግራውን ከላይ እስከ ታች ቀደዱት። «ይህን ማንም አያጠልቀውም» አሉ። የሕዝብ ንብረት አበላሹ ተብለው ቀበሌ ታሰሩ፤ ሲፈቱ ከአሰልጣኝነት ተባረሩ። ልጠይቃቸው ሱቃቸው ስሄድ «ለሱሪ እንኳ የማይሆን ቆዳ ነበር» ብለው ሳቁ። እኔን አላሳቀኝም።

አባቴ ነገሩን ሲሰማ አልተቆጣኝም። በዚያው ምሽት ለአማኞቹ ነግሮ ጸሎቱን ወደ ሌላ ቤት አዛወረ። ታፈሰ ዓይኑ አብጦ ቤቱ በተኛበት ጊዜ ደግሞ እኔን ወለጋ፣ የእናቴ ዘመዶች ዘንድ ሰደዱኝ። ደርግ እስኪወድቅ እዚያው አስተማሪ ሆኜ ቆየሁ። ከዚያ ወዲያ ጓንት ውስጥ እጄን አላስገባሁም።

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ታሪክ የሚያቅለሸልሸኝ ሚጥሚጣው ብቻ እንዳይመስላችሁ። ያን ቀን የሰው ልጅ ዓይን ማጥፋት ብርቱካን የመላጥ ያህል የሚቀለው ሰው አየሁ፤ ለእንባው የሚያጨበጭብ አዳራሽ ሙሉ ሰውም አየሁ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ ቆሞ ሲያጨበጭብ እኔ ተቀምጬ የሚጨበጨብለትን ሰው ዓይን ነው የማየው። በዚህ የተነሣ ብዙ ወዳጅ አላፈራሁም፤ አይቆጨኝም።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ገባሁ። ጓድ ታፈሰ ጥግ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ማኪያቶ ይዞ ተቀምጧል፤ ካኪው በኮት ተቀይሯል፣ ጠጉሩ ሸብቷል። አየኝና እጁን ዘርግቶ ተነሣ።

«ኤልያስ! የእኔ ልጅ! ይኸውላችሁ፣ ይህን ልጅ እኔ ነኝ ያሳደግሁት» አለ ለጓደኞቹ። «ምን የመሰለ ግራኝ ነበር! በነጥብ የተሸነፈ ዕለት ሰው ፊት አለቀስኩ እኮ፣ እውነቴን ነው፣ አለቀስኩ።»

ጓደኞቹ በአዘኔታ አዩት። እሱም የራሱን ወሬ አምኖ ዓይኑ ረጠበ። ከዚያ ሊስመኝ ጉንጩን አቀረበ።

ግራ እጄን አነሣሁ። ታፈሰ ሁለት ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ወንበሩ ወደቀ፣ ማኪያቶው ተደፋ። ጓደኞቹ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ያያሉ።

ግራዬን የራሴ ጉንጭ ላይ አሳረፍኳትና ዓይኑን እስኪገልጥ ጠበቅሁት።